የወንጂ ጥርስ

የአዲስ አበባ ጣፋጭ ስሙን ከጣሊያን፣ ስኳሩን ከወንጂ ነው ያገኘው። ቦምቦሊኖውም ቶርታውም የጣሊያን ቃል ነው፤ ሳስተምር የውሰት ቃል ምሳሌ ሲጠፋኝ ሮጬ የምገባው ኬክ ቤት ነበር። የስኳሩ ታሪክ ግን እንዲህ አይቀልም። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሸንኮራ ያለማ የነበረው የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ የወንጂን ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ። በአዋሽ ዳር ከብት ያሰማሩ የነበሩት የጅሌ ኦሮሞዎችም ቦታውን ለሸንኮራ ለቀቁ (ለቀቁ ስል ወደው አይምሰላችሁ)።

በልጅነታችን ስኳር በቀበሌ ራሽን ነበር። ከረሜላ ካገኘን ደግሞ እናቶቻችን «ጥርስህን ይበላዋል!» ይሉናል። የወንጂ ካምፕ ልጆችን ጥርስ ያበላሸው ግን ከረሜላ አይደለም፤ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ነው። የልጆቹ ጥርስ ቡናማ ሆነ። ውሃውን ለብዙ ዓመት የጠጡት ሠራተኞች ደግሞ አከርካሪያቸው እየደረቀ ጎበጡ፣ አንገታቸውን ማዞር አቃታቸው፤ ሽባ የሆኑም አሉ። ሐኪሞች ይህንን ከ1960ዎቹ ጀምሮ መዝግበውታል።

ስለ ፒያሳ ኬክ ቤቶች የተጻፈ ትዝታ ብዙ አንብቤያለሁ። ማኪያቶው አለ፣ ክሬሙ አለ፣ የእሑዱ ሽርሽር አለ። ዞሮ ማየት ያቃተው የወንጂ ሠራተኛ ግን እስካሁን አንዱም ላይ አልገጠመኝም።