የጃፓን ታሪክ በእስያ ታሪክ ትምህርት ውስጥ፦ ውጤቱና ሂደቱ

የአንድ ክፍለ ዓለም ታሪክ በትምህርት ቤት ሲሰጥ ተማሪው ከነገሥታት ስም፣ ከጦርነት ዘመንና ከከተሞች ዝርዝር የበለጠ ነገር ይዞ ሊወጣ ይገባዋል። ይኸውም አንድ ኅብረተሰብ ከነበረበት ሁኔታ ወደ ሌላ በምን ምክንያትና በምን መንገድ እንደ ተሸጋገረ የመመርመር ችሎታ ነው። ከእስያ አገሮች መካከል ጃፓን ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት ልዩ ጥቅም አላት። ታሪኳን ኢትዮጵያውያን ምሁራንና ባለሥልጣናት አስቀድመው አንብበውታል፤ ከንባቡ የወሰዱትም ትምህርት እስከ ሕገ መንግሥት ድረስ ዘልቋል። ያ ንባብ ምን እንዳየና ምን እንዳለፈ መመርመር እስያን ለሚያስተምር መምህር መልካም መነሻ ነው።

ጃፓን በኢትዮጵያውያን ዘንድ

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1904 እና በ1905 ሩሲያን ድል ማድረጓ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ትኩረት ስቧል። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የኢጣሊያን ጦር ላሸነፈችው ኢትዮጵያ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ የቀረበ ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጃፓንን በምሳሌነት ከጠቀሱት ቀደምት ጸሐፊዎች አንዱ ናቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ በ1924 ዓ.ም. አሳተሙ። አቶ ከበደ ሚካኤልም «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» በሚል ርእስ በ1946 ዓ.ም. ጽፈዋል።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት፣ በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲረቀቅ፣ እ.ኤ.አ. የ1889ን የጃፓን ሕገ መንግሥት በአብነት ይዟል። የጃፓኑ 76 አንቀጽ ሲኖረው የኢትዮጵያው 55 ነበረው። በሁለቱም ሕገ መንግሥቱ ከንጉሠ ነገሥቱ የተሰጠ ሲሆን ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቁመዋል። ይሁን እንጂ በጃፓን የታችኛው ምክር ቤት አባላት፣ የመራጮቹ ቁጥር እጅግ ጥቂት ቢሆንም፣ በምርጫ ይገቡ ነበር። በኢትዮጵያ ግን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሚመርጡለት መኳንንትና የአገር ሹማምንት ሆኑ። ቅርጹ ተወስዶ ቅርጹን የሚሸከመው መሠረት ለወደፊት ተቀጠረ ማለት ነው። ችግሩ ከአንቀጾቹ ይልቅ ከታሪኩ አነባበብ ይመነጫል፤ ብርሃናዊ ንጉሥ ዐወጀ፣ አገሪቱም ሠለጠነች የሚለው አተረጓጎም ሂደቱን ወደ ጎን ትቶ ውጤቱን ብቻ ያያል።

ከዐዋጁ በፊትና በኋላ

የሜይጂ ዘመን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1868 ቢሆንም መሠረቱ ቀደም ብሎ ተጥሏል። አብዛኛው መሬቷ ተራራ በሆነባት በዚያች የደሴቶች አገር ጠባቡን የእርሻ መሬት በመስኖ ሩዝ ማልማት የመንደሩን የተባበረ ሥራና የተመዘገበ ሒሳብ የሚጠይቅ ነበር። ቴራኮያ በሚባሉት ትምህርት ቤቶች የገበሬና የነጋዴ ልጆች ማንበብን፣ ደብዳቤ መጻፍንና ሒሳብን ይማሩ ነበር። ሮናልድ ዶር የተባለው የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ እንደ ገመተው፣ እ.ኤ.አ. በ1868 አካባቢ ከወንዶች ልጆች ከ40 ከመቶ በላይ፣ ከሴቶችም 10 ከመቶ ያህሉ ከቤት ውጭ ትምህርት ያገኙ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1872 የወጣው የትምህርት ሕግ 53,760 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲቋቋሙ አቀደ። ወጪው በአብዛኛው የወደቀው በነዋሪው ላይ ስለ ነበር፣ በሚቀጥለው ዓመት በልዩ ልዩ ስፍራ ገበሬዎች ዐምፀው ትምህርት ቤቶችን እስከ ማቃጠል ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1875 የተከፈቱት 24,000 ያህል ሲሆኑ ከእነዚህም አብዛኞቹ በቤተ መቅደሶችና በግለሰብ ቤቶች የተቋቋሙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1873 ለትምህርት ከደረሱት ልጆች የተመዘገቡት 28 ከመቶ ያህል ነበሩ፤ ቁጥሩ ከ90 ከመቶ በላይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። በመካከሉ ሕጉ ላልቷል፣ ጠብቋል፣ እ.ኤ.አ. በ1900ም የአንደኛ ደረጃ የትምህርት ክፍያ እንዲቀር ተወስኗል። እንግዲህ አንድ ዐዋጅ በሕዝብ ኑሮ ውስጥ እስኪሠርፅ ድረስ 30 ዓመት ወስዷል።

የታሪኩ ሌላ ገጽ

ጃፓንን እንከን የለሽ አብነት አድርጎ ማቅረብም ሌላ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 የወጣው ስለ ትምህርት የተነገረ የንጉሠ ነገሥቱ ቃል ትምህርት ቤቱን ለዙፋኑ ታማኝነት ማስረጫ አደረገው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1895 ታይዋንን፣ በ1910 ኮርያን ቅኝ ግዛቷ አደረገች። በመስከረም 1931 ማንቹሪያን የወረረችው ኅሩይ ወደ ጃፓን ጉዞ በሚነሡበት ሰሞን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 መጨረሻ ደግሞ፣ በኢትዮጵያ ላይ የተፈጸመውን የኢጣሊያን ወረራ ዕውቅና ሰጠች። በአብነት የታየችው አገር በችግር ጊዜ ከወራሪው ጋር መቆሟን ተማሪው ሊያውቀው ይገባል።

በክፍል ውስጥ

ከዚህ የተነሣ ትምህርቱ ከካርታው ቢጀምር ይመረጣል፤ ተራራው፣ ባሕሩና የሩዝ ማሳው ሳይታወቅ መንደሩን መረዳት አይቻልም። ቀጥሎ ቴራኮያ ከቄስ ትምህርት ቤትና ከቁርአን ቤት ጋር ቢነጻጸር ተማሪው ባሕልን ከሚያውቀው ተነሥቶ ይመረምራል፤ የሚመሳሰሉበትን ብቻ ሳይሆን ደብዳቤና የንግድ ሒሳብ ማስተማር ምን ልዩነት እንዳመጣ ይጠይቃል። በመጨረሻም የ1873ና የ1902 አኀዞች በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ተጽፈው፣ በመካከላቸው ምን እንደ ተደረገ ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲያፈላልጉ ማድረግ ይገባል።

ይህ ዘዴ ለቻይናም ሆነ ለህንድ ታሪክ ያገለግላል። ለዕቅድ አውጪዎችም ቢሆን የጃፓን ታሪክ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው፤ 53,760 ትምህርት ቤቶችን በወረቀት ላይ ማስፈር የአንድ ዓመት ሥራ ሲሆን፣ ገበሬው ልጁን በፈቃዱ እንዲልክ ማድረግ ግን የአንድ ትውልድ ሥራ ነበር።