ከካታሎግ እስከ ድረ ገጽ፦ የትንሹ ነጋዴ መደብር ታሪክ

ነጋዴ ከገዢ ጋር ለመገናኘት ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል። አንደኛው ዕቃውን የሚያሳይበት ስፍራ ነው፤ ሁለተኛው ገዢውን ወደዚያ ስፍራ የሚያመጣ መንገድ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ በሁለቱ መካከል የሚጸና መተማመን ነው። በጥንቱ ገበያ ሦስቱም በአንድ ሜዳ ላይ ይገኙ ነበር። ሻጩ ዕቃውን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ገዢው በእግሩ ይመጣል፤ እህሉን ዘግኖ፣ ሸማውን ዳስሶ፣ ሚዛኑን በዓይኑ ተመልክቶ ይገዛል። ያልተስማማው እንደ ሆነ ወደሚቀጥለው ሻጭ ለመሄድ ጥቂት እርምጃ ይበቃዋል።

ገዢና ሻጭ ሳይተያዩ መገበያየት ከጀመሩበት ጊዜ ወዲህ ግን እነዚህ ሦስት ነገሮች ተነጣጥለው፣ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸውን ጠባቂና የየራሳቸውን ዋጋ እያገኙ መጥተዋል። የኢንተርኔት ንግድ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው የታላላቅ ኩባንያዎች የዕድገት ታሪክ ሆኖ ነው። በትንሹ ነጋዴ ዓይን ሲታይ ግን ሌላ መልክ ይይዛል፤ ይኸውም መደብሩን ማቆም ከዓመት ዓመት እየቀለለ ሲሄድ፣ ወደ መደብሩ የሚያደርሰው መንገድ በሌሎች እጅ እየገባ የመጣበት ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ “ዓ.ም.” የሚል ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በፖስታ የተላከ ገበያ

የዚህ ታሪክ መነሻ ኮምፒዩተር አይደለም፤ ወረቀት ነው። በ1872 አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ የተባለ ነጋዴ በቺካጎ ከተማ ተቀምጦ 163 ዕቃዎች ከነዋጋቸው የተዘረዘሩበትን አንዲት ወረቀት አሳትሞ ለገጠር ገበሬዎች ላከ። ዋርድ ቀደም ሲል በየገጠሩ እየተዘዋወረ ይሸጥ ስለ ነበር፣ ገበሬው በአካባቢው ካለው ባለሱቅ በቀር ምርጫ እንደሌለው፣ በዚህም ምክንያት ከፍ ያለ ዋጋ እንደሚከፍል ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ይሁን እንጂ ርካሽ ዋጋ ብቻውን አልበቃም። ገበሬው ያላየውን ሰው አምኖ፣ ላልዳሰሰው ዕቃ ገንዘቡን እንዴት ይላክ? ዋርድ በ1875 ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ዕቃው ገዢውን ካላረካው ገንዘቡ ይመለስለታል የሚል ዋስትና ነበር። ይህ ቃል በኋለኛው ዘመን ንግድ ውስጥ ሥር የሰደደ ልማድ ሆነ።

መንገዱን የሠራው ግን ነጋዴው ሳይሆን መንግሥት ነበር። የዩናይትድ ስቴትስ ፖስታ ቤት በ1896 ደብዳቤን እስከ ገበሬው ደጃፍ ማድረስ ጀመረ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1913 አንሥቶ ደግሞ የዕቃ ጥቅሎችን እየተቀበለ ያመላልስ ጀመር። ታሪፉም የታወቀና የታተመ ሆኖ፣ በጥቅሉ ክብደትና በመንገዱ ርቀት እንጂ በላኪው ማንነት የሚወሰን አልነበረም። ይህ ነጥብ ቀጥሎ ለሚመጣው ታሪክ መመዘኛ ሆኖ ስለሚያገለግል ልብ ሊባል ይገባዋል።

በስልክ ሽቦ ላይ

በ1979 ማይክል አልድሪች የተባለ እንግሊዛዊ የቤት ቴሌቪዥንን በስልክ መስመር ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ የንግድ ትእዛዝ መቀበልና ማስተላለፍ እንደሚቻል አሳየ። በሜይ 1984 በሰሜን እንግሊዝ በጌትስሄድ ከተማ ይኖሩ የነበሩት ጄን ስኖውቦል የተባሉ የ72 ዓመት አዛውንት፣ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ በዚሁ ዘዴ ቴስኮ ከተባለው መደብር ማርጋሪን፣ ኮርንፍሌክስና እንቁላል አዘዙ። ዘዴው የታሰበው በተለይ ከቤት ለመውጣት ለሚቸገሩ አረጋውያን ነበር።

ከዚህ እጅግ የሰፋው ሙከራ የተካሄደው በፈረንሳይ ነው። ከ1982 ጀምሮ የአገሪቱ የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት ሚኒቴል የተባለውን መስኮትና የፊደል ገበታ ያለው አነስተኛ መሣሪያ ለስልክ ደንበኞች ያለ ክፍያ ያድል ጀመር። ከ1984 በኋላ ደግሞ ብዙዎቹ አገልግሎቶች የሚከፈልባቸው ሒሳብ ከስልኩ ሒሳብ ጋር ተደምሮ የሚሰበሰብ ሆነ፤ መሥሪያ ቤቱ ድርሻውን አስቀርቶ የቀረውን ለአገልግሎት ሰጪው ያስተላልፍለታል። አነስተኛ ድርጅት ገንዘብ ሰብሳቢ ሳይቀጥር በአገር ደረጃ መሥራት የቻለው ከዚህ የተነሣ ነው። በሌላ በኩል ግን መንገዱንም፣ በሩንም፣ የገንዘብ ሣጥኑንም አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ይዞት ነበር። ሚኒቴል በጁን 30 ቀን 2012 እስከ ተዘጋበት ዕለት ድረስ ይህ ጠባዩ በመሠረቱ አልተለወጠም።

የድሩ መከፈት

ሁኔታውን የለወጠው በጄኔቭ አጠገብ ከሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ ከሰርን፣ የወጣው ሥራ ነው። ቲም በርነርስ ሊ በ1989 ሐሳቡን ያቀረበበት ዓለም አቀፍ ድር በመጀመሪያ የታሰበው ሳይንቲስቶች ጽሑፎቻቸውን እንዲለዋወጡበት ነበር። ሰርን በኤፕሪል 30 ቀን 1993 ይህን ቴክኖሎጂ ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ሲፈቅድ ግን ውጤቱ ከምርምር ክልል አልፎ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አንድ ነጋዴ ገጽ ለመክፈት የማንንም የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት ፈቃድ መጠየቅ አላስፈለገውም።

በኦገስት 11 ቀን 1994 በዩናይትድ ስቴትስ ኔትማርኬት የተባለ አነስተኛ ድርጅት የዘፋኙን የስቲንግን አንድ የሙዚቃ ሲዲ በ12 ዶላር ከ48 ሳንቲም ሸጠ። ሽያጩን ታሪካዊ ያደረገው የዕቃው ዋጋ አልነበረም፤ የገዢው የክሬዲት ካርድ ቁጥር ሌላ ሰው ሊያነበው በማይችል ምስጢራዊ ቁጥር ተለውጦ መተላለፉ ነው። ዋርድ በወረቀት ላይ በታተመ ቃል የፈታውን የእምነት ችግር፣ ይህ ትውልድ በከፊል በሒሳብ ቀመር ፈታው።

በዚያን ጊዜ መደብር ማቆም ቀላል ሥራ አልነበረም። ነጋዴው ሰርቨር መከራየት፣ ፕሮግራም የሚጽፍ ባለሙያ መቅጠር፣ አንድ ዋጋ ለመለወጥ እንኳ ባለሙያውን ደጅ መጥናት ነበረበት። በ1995 ፖል ግራሃምና ሮበርት ሞሪስ ቪያዌብ የተባለውን ድርጅት ሲመሠርቱ ያነገቡት ሐሳብ ይህን ጥገኝነት የሚያስቀር ነበር። ፕሮግራሙ በነጋዴው ኮምፒዩተር ላይ ሳይሆን በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ነጋዴውም በራሱ እጅ፣ ፕሮግራም ሳይጽፍ፣ መደብሩን ያደራጃል። ኪራዩ ለትንሽ መደብር በወር 100 ዶላር፣ ለትልቅ 300 ዶላር ነበር። ያሁ በ1998 ይህን ድርጅት 49 ሚሊዮን ዶላር በሚያህል አክሲዮን ገዛው።

በዚያው በ1995 ፒየር ኦሚድያር በኋላ ኢቤይ ተብሎ የተጠራውን የጨረታ ገጽ ከፈተ። የመጀመሪያው ሽያጭ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም የተገዛ የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር። መሰበሩን አውቆ እንደ ሆነ የተጠየቀው ገዢ የተሰበሩ መጠቆሚያዎችን እንደሚሰበስብ መለሰ። ከዚህ ይልቅ ጠቃሚው ነገር በ1996 መጀመሪያ የተጨመረው የምስክርነት ሰሌዳ ነው። ገዢና ሻጭ አንዱ ስለ ሌላው አደራ ጠባቂነት በአደባባይ እንዲጽፉ በማድረግ፣ በመንደር ገበያ ውስጥ በአፍ ይተላለፍ የነበረውን የመልካም ስም ወግ በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል መልሶ ተከለው።

መንገዱና ኬላው

በኢትዮጵያ የንግድ ታሪክ ውስጥ ሲራራ ነጋዴ አሞሌውንና ቡናውን ጭኖ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲሻገር በየኬላው ቀረጥ ይከፍል ነበር። ኬላው ዕቃ አያመርትም፤ አይሸጥም፤ የቆመበት ቦታ ግን ማንም ሳያልፍበት የማይሄድበት ነው። መደብር ማቆም በቀለለ ቁጥር የመደብሩ ብዛት ስለ ጨመረ፣ የኢንተርኔቱም ኬላ ዕቃው ከሚሸጥበት ስፍራ ወደ መንገዱ ተሻገረ።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል እንዲሉ፣ ያልታወቀ ሱቅ ከተዘጋ ሱቅ አይለይም። በ1994 የተጀመረው የያሁ ማውጫ በሰው እጅ የሚዘጋጅ ስለ ነበር፣ ነጋዴው እንዲመዘገብ አመልክቶ ይጠብቅ ነበር። በ1998 የተቋቋመው ጉግል ደግሞ የአንድን ገጽ ተፈላጊነት ሌሎች ገጾች ምን ያህል እንደሚጠቁሙት እየመዘነ ደረጃ አወጣለት። ይህ አሠራር በመጀመሪያ ለትንሹ ነጋዴ የሚበጅ መስሎ ታየ፤ ዕቃው የተመሰገነ ከሆነ ያለ ገንዘብ ሊታወቅ ይችላልና።

በዚያው ዓመት ግን ቢል ግሮስ የመሠረተው ጎቱ የተባለ ድርጅት ሌላ መንገድ አሳየ። አስተዋዋቂዎች በአንድ ቃል ላይ ይጫረታሉ፤ ብዙ የሰጠው በዝርዝሩ አናት ላይ ይወጣል፤ የሚከፍለውም ፈላጊው ማስታወቂያውን ሲጫን ብቻ ነው። ጉግል በኦክቶበር 2000 የራሱን የማስታወቂያ አገልግሎት በ350 ደንበኞች ጀመረ፤ በ2002 ደግሞ በጫረታና በጠቅታ የሚከፈለውን አሠራር ተከተለ። ጥቅሙን መካድ አይቻልም። ለጋዜጣ ማስታወቂያ የከፈለ ነጋዴ ይነበብ አይነበብ ሳያውቅ ከፍሏል፤ አዲሱ ዘዴ ግን በጥቂት ገንዘብ ተጀምሮ ውጤቱ በየቀኑ የሚቆጠር ነበር። ጉዳቱም ከዚያው ከጥቅሙ ይመነጫል፤ ቃሉ ትርፍ የሚያስገኝ በሆነ መጠን ተጫራቹ ይበዛል፤ ተጫራቹ በበዛ መጠን ትርፉ ወደ ኬላው ይሄዳል።

ያለ ክፍያ የሚገኘው ቦታም የጸና አልነበረም። በኖቬምበር 2003 ጉግል የደረጃ አወጣጥ ስልቱን በብርቱ ለወጠ። የዘርፉ ሰዎች “ፍሎሪዳ” ብለው በሰየሙት በዚህ ለውጥ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይወጡ የነበሩ ብዙ ትንንሽ መደብሮች በአንድ ጊዜ ከዓይን ተሰወሩ። ጊዜው ከገና በፊት ያለው የዓመቱ ዋና የሽያጭ ወራት ነበር። ለውጡ ያነጣጠረው ቃላትን ያለ ልክ እየደጋገሙ ደረጃ በሚያጭበረብሩት ላይ ሲሆን፣ ያላጭበረበሩ ነጋዴዎችም አብረው ተጎዱ። የ1913ቱ የጥቅል ታሪፍ በይፋ የታተመ ነበር፤ የ2003ቱ ስልት ግን ምስጢር ነው። ዕቃ አከማችቶ ገዢ ለሚጠብቅ ሰው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመኖርና ያለመኖር ልዩነት ሆነ።

ሌላው አማራጭ በትልቅ ቤት ጥላ ሥር መሸጥ ነበር። አማዞን በኖቬምበር 2000 ሌሎች ነጋዴዎች ዕቃቸውን በገጹ ላይ እንዲሸጡ በር ከፈተ። በዚህ ቤት ገዢ አይጠፋም፤ ነገር ግን ገዢው የቤቱ እንጂ የሻጩ ደንበኛ አይሆንም።

በ2004 ጀርመን ተወላጁ ቶቢያስ ሉትከ በካናዳ፣ በኦታዋ ከተማ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ስኖውዴቪል የተባለ የበረዶ መንሸራተቻ መሸጫ ሲከፍት በገበያው ላይ ያገኛቸው ፕሮግራሞች ስላላረኩት የራሱን ጻፈ። ፕሮግራሙ ከመንሸራተቻው ይልቅ ተፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ በ2006 ሾፒፋይ በሚል ስም ለሌሎች ነጋዴዎች ቀረበ። ከዚያ ወዲህ መደብር ማቆም የጥቂት ቀናት ሥራ ሆኗል። በማን በኩል ይታወቃል የሚለው ጥያቄ ግን እንዳለ ቀረ።

በኢትዮጵያ

ኢንተርኔት ለኢትዮጵያ ሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። ከአገሪቱ ጋር በተያያዘ ቀደም ብለው ከታዩት የኢንተርኔት ንግዶች መካከል በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለበዓል በግ፣ ኬክ ወይም አበባ ለቤተሰባቸው የሚያዝዙባቸው ገጾች ይገኛሉ። ምክንያቱን ለማወቅ አያዳግትም። ከፋዩ ባለበት አገር የክሬዲት ካርድ አለው፤ ተቀባዩ ደግሞ አዲስ አበባ ተቀምጦ በጉ መድረሱን በስልክ ይመሰክራል። የጎደለውን መተማመን የሞላው ዝምድና ነበር።

የአገር ውስጡ ገዢና ሻጭ ግን ሌላ ችግር ገጠማቸው። የኢትዮጵያ ፖስታ የሚያድለው በአመዛኙ በፖስታ ሣጥን ቁጥር እንጂ በቤት ደጃፍ አይደለም። በመሆኑም ዕቃውን የሚያደርሰው ባለሞተር ብስክሌት በስልክ እየተመራ፣ ቤተ ክርስቲያኑንና ነዳጅ ማደያውን ምልክት እያደረገ ይሄዳል። ሕጉና ክፍያው የተከተሉት ዘግይተው ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክትና ፊርማ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጠ፤ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌብር ሥራ ጀመረ።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ብዙው ትንሽ ነጋዴ የራሱን ድረ ገጽ አላቆመም፤ የሚሸጠው በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ነው። ውሳኔው ከስንፍና የመጣ አይደለም። ገዢው ያለው እዚያ ነው፤ መክፈቻውም ገንዘብ አይጠይቅም። ነገር ግን በሰው መሬት ላይ ጎጆ የሠራ ሰው ባለመሬቱ ሲያስነሣው ምሰሶውን እንኳ ይዞ አይሄድም። ገጹ በተዘጋ ዕለት የዓመታት ደንበኞች ስምና አድራሻ አብሮ ይጠፋል።

ከዚህም በላይ ዕቃው በፎቶግራፍ ታይቶ ዋጋው “በውስጥ መስመር” የሚነገርበት ልማድ ተስፋፍቷል። ገዢውን ፊቱን አይቶ ዋጋ መጥራት በሜዳ ገበያ የቆየ ብልሃት ነው፤ ገዢው ግን እዚያ ጥቂት እርምጃ ሄዶ ማወዳደር ይችላል። ዋርድ በ1872 ያሳተማት ወረቀት ኃይል ያገኘችው ለሁሉም አንድ የሆነ ዋጋ በግልጽ በመጻፏ ነበር። በውስጥ መስመር የሚነገር ዋጋ በጣም ዘመናዊ በሆነ መሣሪያ ከዚያች ወረቀት ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ያለፉት 150 ዓመታት የሚያሳዩት መሣሪያው በተለወጠ ቁጥር ኬላው እንደሚዘዋወር ነው። ኬላውን ፈጽሞ መሸሽ ለትንሹ ነጋዴ አይቻለውም፤ በኬላው ማለፉ ሳይሆን፣ ካለፈ በኋላ በእጁ ምን ይቀራል የሚለው ነው ዕጣውን የሚወስነው። በየዘመኑ የጸኑት ነጋዴዎች በእጃቸው የያዙት ጥቂት ነገር ነው፦ በራሳቸው ስም የቆመ አድራሻ፣ የደንበኞቻቸው መዝገብ፣ የተጻፈ ዋጋና የተጠበቀ ቃል። አራቱም ከኮምፒዩተር በፊት የነበሩ፣ በማንኛውም ሱቅ ባንኮኒ ላይ የሚገኙ ነገሮች ናቸው።