ሳቂየት ሲዲ ዩሱፍ፦ የተሸሸገ ጦርና የመንደርተኛው ደም

ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1958 እ.ኤ.አ. (የካቲት 1 ቀን 1950 ዓ.ም.) ቅዳሜ ነበር። ከአልጄሪያ ድንበር አጠገብ ባለችው የቱኒዚያ መንደር፣ በሳቂየት ሲዲ ዩሱፍ፣ የገበያ ቀን ነው። ከአልጄሪያ የተሰደዱ ቤተሰቦችም የቀይ መስቀልን እርዳታ ለመቀበል ተሰብስበው ነበር። ረፋዱ ላይ የፈረንሳይ የጦር አውሮፕላኖች ድንበሩን ተሻግረው መንደሯን በቦምብና በመትረየስ ደበደቡ። ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከ100 በላይ ቆሰሉ። ትምህርት ቤቱም ስለተመታ ሕፃናት ከሟቾቹ መካከል ነበሩ።

የፈረንሳይ ጦር ምክንያት ነበረው። የአልጄሪያ ነጻ አውጪ ተዋጊዎች በመንደሯ አቅራቢያ መሸሸጊያ ነበራቸው። በጃንዋሪ ወር ከዚያው አካባቢ ተነሥተው ከአሥር በላይ የፈረንሳይ ወታደሮችን ገድለዋል፤ ምርኮኞችንም ወስደዋል። በፈረንሳይ አውሮፕላኖች ላይም ከመንደሯ በኩል ተተኩሷል። ስለዚህ ጦሩ ድርጊቱን ራስን መከላከል አለው።

እኛ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፦ ተዋጊ በሰላማዊ ሰዎች አጠገብ ሲሸሸግ የእነርሱ ደም ክብሩን ያጣልን? የፊቅህ ሊቃውንት ጉዳዩን «ተተሩስ» በሚል ርእስ ተወያይተውበታል። ኢማም አል-ገዛሊ (505 ዓ.ሂ. የሞቱ) «አል-ሙስተስፋ» በተሰኘው የኡሱል ኪታባቸው፣ ጠላት ሙስሊም ምርኮኞችን ጋሻ ቢያደርግ መተኮስ የሚፈቀደው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ብቻ መሆኑን ያስረዳሉ። እነዚህም አስገዳጅነት (ዶሩራ)፣ እርግጠኝነት (ቀጥዒያ) እና አደጋው መላውን ኡማ የሚነካ መሆኑ (ኩሊያ) ናቸው። ጠላት በምሽግ ውስጥ ሆኖ በሙስሊም ቢከለል ግን መተኮስ አይፈቀድም፤ ምሽጉን መያዝ የግድ አይደለምና።

ፈረንሳይ በፊቅህ እንደማትገዛ እናውቃለን። ሚዛኑ ግን ለእኛ መመዘኛ ይሆነናል። በሳቂየት አቅራቢያ የነበረው ሰፈር ለመላው ፈረንሳይ የህልውና አደጋ አልነበረም። ገበያተኛውን መግደል ተዋጊውን ስለማጥፋቱም እርግጠኝነት አልነበረም። ጦርነቱም እስከ 1962 እ.ኤ.አ. ቀጠለ።

ፖለቲካዊ ውጤቱም የታሰበው አልሆነም። ፕሬዚዳንት ቡርጊባ የፈረንሳይ ወታደሮችን በየሰፈራቸው አገዱ፤ ክሱንም ለጸጥታው ምክር ቤት አቀረቡ። አሜሪካና ብሪታንያ ለሽምግልና ገቡ። የጋያር መንግሥት በኤፕሪል ወደቀ፤ በጁን ወር መጀመሪያ ደጎል ወደ ሥልጣን ተመለሱ። የተሸሸገውን ጦር ለመምታት የተነሣው ዘመቻ የአልጄሪያን ጉዳይ የዓለም ጉዳይ አደረገው።

ሚዛኑ የሚመለከተው አጥቂውን ብቻ አይደለም። ዓላማው ፍትሐዊ የሆነ ተዋጊም ቢሆን ስደተኛና ሕፃን ባለበት ሲሰፍር በእነርሱ ላይ የሚያመጣውን አደጋ ሊያስብ ይገባዋል። ይህ ግን ቦምቡን ከጣለው ተጠያቂነትን አያነሣም። የደርስ ተማሪዎቻችን ስለ ዛሬ ጦርነቶች ሲጠይቁን ከሟቹ ወገን በፊት የደሙን ክብር እንድናስተምር አማና አለብን። ወላሁ አዕለም።