የቪዲዮ ጌም ሱስ፦ ምልክቶቹ፣ በወጣቶች ላይ የሚያደርሰው ጉዳትና መፍትሔው

የቪዲዮ ጌም ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ሚዛን አማንና ቴፒ ድረስ ወጣቶች የሚያዘወትሩት መዝናኛ ነው። ፕሌይስቴሽን ገዝቶ ቤቱ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ ጥቂት ስለሆነ አብዛኛው ወጣት የሚጫወተው ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ እየከፈለ ወይም በእጅ ስልኩ ነው። እንደ ፐብጂና ፍሪ ፋየር ያሉት የስልክ ጌሞች ደግሞ ጨዋታውን መኝታ ድረስ አስገብተውታል።

ወላጆች በጉዳዩ ላይ ሁለት ዓይነት አቋም ሲይዙ ይታያል። አንዳንዱ ጌም የነካን ልጅ ሁሉ ሱሰኛ ይለዋል። ሌላው ደግሞ «ከጫትና ከሲጋራ ይሻላል» ብሎ ዝም ይላል። ሁለቱም አያስኬዱም። ጨዋታው በራሱ ሱስ አይደለም፤ ሱስ ሲሆን ግን የሚለይባቸው ግልጽ ምልክቶች አሉት።

ሱስ የሚባለው መቼ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገራት እ.ኤ.አ በግንቦት 2019 ያጸደቁትና ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ የጌም ሱስን እንደ አንድ የጤና ችግር መዝግቦታል። ምደባው ሦስት ምልክቶችን ያስቀምጣል።

አንደኛ፣ ተጫዋቹ መቼ እንደሚጀምር፣ ምን ያህል እንደሚቆይና መቼ እንደሚያቆም ራሱን መቆጣጠር ያቅተዋል። ሁለተኛ፣ ጌሙ ከትምህርት፣ ከእንቅልፍ፣ ከምግብና ከቤተሰብ ይቀድምበታል። ሦስተኛ፣ ጉዳቱን በዓይኑ እያየ መጫወቱን ይቀጥላል፤ እንዲያውም ይጨምራል። ይህ ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል የዘለቀ መሆን አለበት፤ ምልክቶቹ ከከበዱ ግን ከዚያ ባነሰ ጊዜም ሊታወቅ ይችላል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ መለኪያው የሰዓት ብዛት ብቻ አለመሆኑ ነው። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተጫውቶ ወደ ጥናቱ የሚመለስ ልጅና የፈተና ዋዜማ ተደብቆ የሚወጣ ልጅ አንድ አይደሉም። ጌም ከሚጫወቱት ውስጥ ለሱስ የሚዳረጉት ጥቂቶቹ መሆናቸውንም ድርጅቱ ይገልጻል። ጥያቄው «ስንት ሰዓት ተጫወተ?» ሳይሆን «ጨዋታው ምኑን ወሰደበት?» የሚለው ነው።

ለምን ይይዛል?

ሰው ሽልማት ሲያገኝ ወይም ሲጠብቅ አእምሮው ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫል። ጌሞች የሚሠሩት ይህን ታሳቢ አድርገው ነው። ነጥብ፣ ደረጃ፣ በየቀኑ የሚሰጥ ስጦታ፣ ምን እንደያዘ ሳይታወቅ የሚከፈት ሣጥን ሁሉ ተጫዋቹን «አንድ ጊዜ ብቻ» ያሰኙታል። በቡድን የሚደረግ ጨዋታ ላይ መሃል ላይ ጥሎ መውጣት ጓደኞችን ማስቀየም ስለሆነ ማቆሙ የበለጠ ይከብዳል። ራስን የመግታት ሥራ የሚሠራው የአእምሮ ክፍል ሙሉ በሙሉ የሚበስለው ከ20 ዓመት በኋላ በመሆኑ ታዳጊዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ጉዳቶቹ

እንቅልፍ፦ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ሌሊቱን በስልክ ሲጫወት ያደረ ልጅ ፈጅር ያልፈዋል፤ ክፍል ገብቶም ያንቀላፋል።

ትምህርት፦ ከ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ ከ2015 ዓ.ም ተፈታኞች ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ጌምን ተጠያቂ ማድረግ ስህተት ይሆናል፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ፈተናው ይህን ያህል በከበደበት ጊዜ የጥናት ሰዓቱን ለጌም የሰጠ ተማሪ ምን ያህል እንደሚጎዳ መገመት አያዳግትም።

አካል፦ ረጅም ሰዓት ማቀርቀር የአንገት፣ የጀርባና የእጅ አንጓ ሕመም ያመጣል። ስክሪን ላይ ሲፈጠጥ የዓይን ቆብ መርገብገቡ ስለሚቀንስ ዓይን ይደርቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ አካላዊ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። መረን የወጣ ጨዋታ ለሕይወትም ያሰጋል፤ እ.ኤ.አ በ2005 በደቡብ ኮሪያዋ ቴጉ ከተማ አንድ የ28 ዓመት ወጣት 50 ሰዓት ያህል ሲጫወት ቆይቶ ሕይወቱ አልፏል።

ስሜትና ግንኙነት፦ ቁጣ፣ ብስጭትና ብቸኝነት ይከተላሉ። አንዳንዴ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጭንቀት ወይም ድብርት ያለበት ልጅ መሸሻ አድርጎት ይሆናል።

ገንዘብ፦ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚገባ ልጅ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ምልክት የገንዘብ ጉዳይ ነው። የደብተር መግዣ ይጠፋል፤ ከቤት ሳንቲም ይጎድላል። እንደ ሸዋ ቤንች ባሉ የቡና አካባቢዎች ደግሞ በለቀማ ወቅት ታዳጊዎች ቀይ ቡና ለቅመው የራሳቸውን ብር ይይዛሉ። ወቅቱ የአንደኛው ሴሚስተር ትምህርት የሚካሄድበት መሆኑ ጉዳዩን ያከብደዋል።

«ተሸናፊ ይከፍላል»

በብዙ ጌም ቤቶች የተለመደ አሠራር አለ፤ ሁለት ልጆች ተጋጥመው የጨዋታውን ሂሳብ የሚከፍለው የተሸነፈው ነው። ብዙ ዑለማዎች ይህን ከቁማር ይመድቡታል፤ ምክንያቱም አንዱ ያለ ወጪ ሲጫወት ሌላው በመሸነፉ ብቻ ገንዘብ ያወጣል። ሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 90 እና 91 ላይ ቁማር የተከለከለው ጠላትነትን ስለሚዘራና ከሶላት ስለሚያዘናጋ ጭምር መሆኑ ተነግሯል። ከትምህርት መልስ ጌም ቤት የገባ ልጅ ዐስርም መግሪብም ሲያልፈው ማየት እንግዳ አይደለም። በገንዘብ የሚገዙ የጌም ሣጥኖችንም እ.ኤ.አ በ2018 የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ ቁማር ናቸው ብሏቸዋል።

ወላጅና አካባቢው ምን ያድርጉ?

ከመቆጣት በፊት መጠየቅ ይቀድማል፦ ከማን ጋር ነው የምትጫወተው? የት? በማን ብር? ብሎ በእርጋታ ማነጋገር። ልጁ ከምን እየሸሸ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ገደቡን ከልጁ ጋር ተስማምቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ስልክ ሌሊት ከመኝታው ውጭ ይደር። ጨዋታ ከጥናትና ከሶላት በኋላ ይሁን። «እስከ ሁለት ሰዓት» ከማለት «ሁለት ጨዋታ» ማለቱ ይቀላል፤ መሃል ላይ አስቁሙኝ የሚል ጭቅጭቅ አያመጣም። ቡና ለቅሞ ያገኘውን ብር በስሙ በተከፈተ ሒሳብ ማስቀመጥም ገንዘቡንም ልጁንም ይጠብቃል።

ክልከላ ብቻውን አይበቃም። ቻይና እ.ኤ.አ በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉት በሳምንት በአብዛኛው 3 ሰዓት ብቻ በኢንተርኔት እንዲጫወቱ ወሰነች፤ በወላጅ ስም እየገቡ የሚጫወቱ ግን አልጠፉም። ስለዚህ በተወሰደው ሰዓት ምትክ ሌላ ነገር መኖር አለበት፤ የኳስ ሜዳ፣ የመድረሳ ፕሮግራም፣ ከአባት ጋር ማሳ መውረድ፣ ሙያ መማር። የመስጂድ ኮሚቴዎችና የሰፈር ሽማግሌዎችም ከጌም ቤት ባለቤቶች ጋር ተቀምጠው በትምህርት ሰዓት ተማሪ እንዳይገባ፣ «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚለው ቀርቶ ሁለቱም እኩል እንዲከፍሉ መነጋገር ይችላሉ። ባለቤቶቹም የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ እንጀራቸው ነውና በማስፈራራት ሳይሆን በመግባባት ይሻላል።

ልጁ ባቆመ ሰሞን መነጫነጩና እንቅልፍ ማጣቱ የሚጠበቅ ስለሆነ ታግሶ ማሳለፍ ነው። በራሱና በቤተሰቡ ጥረት ካልተቻለ፣ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ካለው ወይም ከሰው ሁሉ ከተገለለ ግን ሕክምና ያስፈልገዋል። አስተሳሰብና ባህሪን በምክክር የሚያስተካክለው የሥነ ልቦና ሕክምና ለዚህ ችግር በስፋት ይሠራበታል። ከሸዋ ቤንችና ከሚዛን አካባቢ ለሚመጣ ቤተሰብ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ አዲስ አበባ ደግሞ አማኑኤል ሆስፒታል ይገኛል። ልጅን ለሱስ ሕክምና መውሰድ ነውር አይደለም፤ ወባ ሲይዘው እንደምንወስደው ሁሉ ነው።