የአንጎልን የደም ፍሰት የሚቆጣጠሩት ጥቃቅን ደም ሥሮች

የአንድ ጎልማሳ ሰው አንጎል በአማካይ 1 ሺህ 400 ግራም ያህል ይመዝናል። ይህም ከጠቅላላው የሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ሰውየው ዕረፍት ላይ ባለበት ጊዜ እንኳ ልብ ከሚረጨው ደም 15 በመቶ የሚሆነውን፣ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኦክስጅን ደግሞ 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው ይኸው አነስተኛ የአካል ክፍል ነው። በየደቂቃው 700 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ወደ አንጎል ይገባል።

አንጎል ለችግር ጊዜ የሚሆን የኦክስጅን ክምችት የለውም። የደም ፍሰቱ ሙሉ በሙሉ ቢቋረጥ ሰው በ10 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ራሱን ይስታል። መቋረጡ ለደቂቃዎች ከቀጠለም የነርቭ ሕዋሳት መሞት ይጀምራሉ። በአንጻሩ ደሙ ከሚገባው በላይ ግፊት ይዞ ሲደርስ ስስ የሆኑት ደም ሥሮች ይጎዳሉ፤ አንጎል የሚገኘው በአጥንት በታጠረ የራስ ቅል ውስጥ በመሆኑም የሚያብጥበት ትርፍ ቦታ አያገኝም። በዚህም ምክንያት ደም ወደ አንጎል መድረስ ያለበት ሳይበዛና ሳያንስ ነው። ይህን ሚዛን በመጠበቅ ረገድ ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዙት በአንጎል ውስጥና በገጽታው ላይ የተዘረጉት ጥቃቅን ደም ሥሮች ናቸው።

ከዋና ዋናዎቹ መስመሮች እስከ ጥቃቅኖቹ

ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱት ዋና ዋና የደም ወሳጅ ቧንቧዎች አራት ናቸው። ሁለቱ በአንገት ግራና ቀኝ በፊት ለፊት በኩል፣ ሁለቱ ደግሞ በአንገት አከርካሪ አጥንቶች ቀዳዳዎች ውስጥ አልፈው ወደ ላይ ይወጣሉ። እነዚህ ቧንቧዎች በአንጎል ሥር ተገናኝተው ቀለበት መሰል ቅርጽ ይሠራሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ በ1664 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አሠራር በዝርዝር በማስረዳቱ ቀለበቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ከቀለበቱ የሚነሱት ቅርንጫፎች እየቀጠኑ ሄደው በግድግዳቸው ላይ ጡንቻ ያላቸው ጥቃቅን የደም ወሳጅ ቧንቧዎች ይሆናሉ። ከእነርሱ ቀጥሎ ያሉት ፀጉር መሰል ደም ሥሮች ወይም ካፒላሪዎች ደግሞ ስፋታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ ያነሰ በመሆኑ ቀይ የደም ሕዋሳት የሚያልፉባቸው በየተራ እየተጣበቡ ነው። በአንድ ሰው አንጎል ውስጥ ያሉት ካፒላሪዎች ቢቀጣጠሉ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይረዝማሉ።

የእነዚህ ቧንቧዎች ጥቂት መጥበብ ወይም መስፋት በፍሰቱ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ ከፍተኛ ነው። በፈሳሽ ፍሰት ሕግ መሠረት ግፊቱ ሳይለወጥ የአንድ ቀጭን ቧንቧ ስፋት በ10 በመቶ ቢጨምር ፍሰቱ በ46 በመቶ ገደማ ያድጋል። ስፋቱ በግማሽ ቢቀንስ ደግሞ ፍሰቱ ወደ 16ኛ እጅ ይወርዳል። አንጎል የሚያስፈልገውን ደም ለመመጠን ታላላቅ ለውጦች የማያሻው በዚህ ምክንያት ነው።

የደም ግፊት ሲለዋወጥ

የአንድ ጤናማ ሰው የደም ግፊት በቀን ውስጥ በርካታ ጊዜ ይለዋወጣል። ሰው ሲተኛ ይወርዳል፤ ደረጃ ሲወጣ፣ ሲቆጣ ወይም ሲደነግጥ ከፍ ይላል። ወደ አንጎል የሚገባው ደም ግን በዚያው መጠን አይዋዥቅም።

እንግሊዛዊው የሥነ አካል ተመራማሪ ዊሊያም ቤይሊስ እ.ኤ.አ በ1902 እንዳመለከተው፣ በጥቃቅን የደም ወሳጅ ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ ያለው ጡንቻ ግፊቱ ጨምሮ ሲወጠር ራሱን ያኮማትራል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ደግሞ ይላላል። ቧንቧው በዚህ አኳኋን ግፊት ሲበዛ በመጥበብ፣ ግፊት ሲያንስ በመስፋት ፍሰቱን በአንድ ደረጃ ያቆየዋል። ዴንማርካዊው ሐኪም ኒልስ ላሰን እ.ኤ.አ በ1959 ባቀረበው ጽሑፍም አማካይ የደም ግፊት ከ60 እስከ 150 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ባለው ክልል ውስጥ ሲለዋወጥ የአንጎል የደም ፍሰት ብዙም እንደማይለወጥ አስረድቷል። የደም ግፊቱ 120 በ80 የሆነ ሰው አማካይ ግፊት 93 ገደማ በመሆኑ በዚህ ክልል መካከል ይገኛል።

ከዚያ ወዲህ የተካሄዱ ጥናቶች የክልሉ ስፋት ከሰው ሰው እንደሚለያይና ቀድሞ ከታሰበው ሊጠብ እንደሚችል አሳይተዋል። በተጨማሪም የደም ሥሮቹ ምላሽ ጥቂት ሰከንዶች ይፈጃል። ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ የቆየ ሰው በድንገት ሲነሳ ለአፍታ ዓይኑ ላይ የሚጋረድበትና የሚያዞረው ግፊቱ የወረደበት ፍጥነት ከደም ሥሮቹ ምላሽ በመቅደሙ ነው።

የደም ሥሮቹ በደም ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠንም ይከታተላሉ። መጠኑ ሲጨምር ይሰፋሉ፤ ሲቀንስ ይጠባሉ። በፍርሃት ወይም በጭንቀት ምክንያት በፍጥነትና በጥልቀት የሚተነፍስ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከሰውነቱ ከልክ በላይ ስለሚያስወጣ የአንጎሉ ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ የመደንዘዝና የማዞር ስሜትም ይሰማዋል። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን በእጅጉ ሲቀንስ ደግሞ፣ ለምሳሌ ከቆላ ተነስቶ በአጭር ጊዜ ወደ ከፍተኛ ተራራ በወጣ ሰው ላይ እንደሚታየው፣ ደም ሥሮቹ በመስፋት ተጨማሪ ደም ያስገባሉ።

ሥራ ለበዛበት ክፍል ተጨማሪ ደም

አንጎል የሚደርሰውን ደም በሁሉም ክፍሎቹ እኩል አያከፋፍልም። ጣሊያናዊው አንጀሎ ሞሶ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የራስ ቅላቸው በጉዳት ምክንያት የተከፈተ ሕሙማንን ሲመረምር፣ ሕሙማኑ እንዲያሰሉ በተጠየቁ ጊዜ የአንጎላቸው ትርታ እንደሚጨምር ተመልክቷል። ቻርልስ ሮይ እና ቻርልስ ሸሪንግተንም እ.ኤ.አ በ1890 አንጎል በየክፍሉ ባለው የሥራ መጠን የደም አቅርቦቱን የሚለውጥበት ውስጣዊ ሥርዓት እንዳለው ጽፈዋል።

በአሁኑ ጊዜ የዚህ ሥርዓት በርካታ ክፍሎች ታውቀዋል። አንድ የአንጎል ክፍል ሥራ ሲጀምር የነርቭ ሕዋሳቱና በዙሪያቸው ያሉት አስትሮሳይት የተባሉ ደጋፊ ሕዋሳት የተለያዩ ኬሚካሎችን ይለቃሉ። ከእነዚህ አንዱ ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲሆን፣ የደም ሥሮች ጡንቻ እንዲላላ ያደርጋል። ሮበርት ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮ እና ፈሪድ ሙራድ ይህ ጋዝ በደም ዝውውር ውስጥ ያለውን የመልእክተኛነት ተግባር በማረጋገጣቸው እ.ኤ.አ በ1998 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። የካፒላሪዎች የውስጠኛ ሽፋን ሕዋሳትም የደረሳቸውን ምልክት ከአንዱ ወደ ሌላው እያስተላለፉ ወደ ኋላ ይመልሱታል። በዚህም ደሙን የሚያመጡት ቧንቧዎች ከሥራው ቦታ ርቀው ቢገኙም እንዲሰፉ ይደረጋል።

የደሙ መጨመር የሚጀምረው በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ሲሆን፣ የሚቀርበው ኦክስጅንም ሕዋሳቱ ከሚጠቀሙበት ይበልጣል። ጃፓናዊው ሴጂ ኦጋዋ እ.ኤ.አ በ1990 በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ለውጥ በመግነጢሳዊ ምስል መለየት እንደሚቻል አሳየ። በየትኛው ሥራ ጊዜ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚነቃ የሚያሳዩት የኤምአርአይ ምስሎች የሚነሱት በዚህ ዘዴ ነው።

በካፒላሪዎች ላይ የሚገኙት ሕዋሳት

ካፒላሪዎች እንደ ትላልቆቹ ቧንቧዎች የጡንቻ ሽፋን የላቸውም። ነገር ግን ፔሪሳይት የተባሉ ሕዋሳት በክንዶቻቸው አቅፈዋቸው ይገኛሉ። ፈረንሳዊው ሻርል ሩዤ እነዚህ ሕዋሳት ደም ሥሩን ሊያጠቡ እንደሚችሉ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቢገምትም፣ ጉዳዩ በሰፊው የተጠናው በቅርብ ዓመታት ነው። ፍሰቱን በመቆጣጠር ረገድ የእነርሱ ድርሻና የጡንቻዎቹ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከራሉ።

እ.ኤ.አ በ2014 የወጣ በእንስሳት ላይ የተካሄደ ጥናት፣ ደም ሲቋረጥ ፔሪሳይቶች ካፒላሪውን ጨብጠው እንደሚሞቱ አመልክቷል። ይህ ግኝት በስትሮክ የታመመ ሰው የተዘጋው ትልቅ ቧንቧ በሕክምና ከተከፈተለት በኋላም አንዳንድ የአንጎሉ ክፍሎች ለምን ደም እንደማያገኙ ለማስረዳት ይረዳል። ለስትሮክ የሚሰጠው ሕክምና ፍጥነት የሚጠይቅበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ከፍተኛ የደም ግፊት የሚያደርሰው ጉዳት

ይህ የቁጥጥር ሥርዓት ለዓመታት በዘለቀ ከፍተኛ የደም ግፊት ይጎዳል። ሁልጊዜ የሚወጠሩት ጥቃቅን ቧንቧዎች ግድግዳቸው ይወፍራል፣ ይደድራል፣ ውስጣቸውም ይጠባል። አንዳንዶቹ ሲዘጉ በአንጎል ጥልቅ ክፍሎች ውስጥ ትናንሽ ጉዳቶች ይፈጠራሉ። በደም መዘጋት ከሚከሰቱት ስትሮኮች አንድ አራተኛ ያህሉ የሚመነጩት ከእነዚህ ጥቃቅን ቧንቧዎች ነው። ሲቀደዱ ደግሞ በአንጎል ውስጥ ደም ይፈሳል። ጉዳቱ ያለ ምንም ምልክት እየተጠራቀመ ሄዶ በኋለኛ ዕድሜ የማስታወስና ነገሮችን በፍጥነት የማገናዘብ ችሎታን የሚቀንስበት ጊዜም አለ።

ግፊቱ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየበት ሰው የደም ሥሮቹ ለዚያው ግፊት ራሳቸውን ስለሚያስተካክሉ የቁጥጥሩ ክልል ወደ ላይ ይሸጋገራል። በመሆኑም ለጤናማ ሰው ችግር የማያስከትል የግፊት መውረድ ለእርሱ የደም እጥረት ሊያመጣ ይችላል። ቀደም ሲል በጣም ከፍ ያለ ግፊትን በፍጥነት ለማውረድ ከምላስ ሥር ይሰጥ የነበረው ኒፌዲፒን እ.ኤ.አ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የማይመከረው፣ ግፊቱን በድንገት አውርዶ ስትሮክና የልብ ጉዳት እንደሚያስከትል በመታወቁ ነው። በድንገተኛ ሕክምና ጊዜ፣ ከተወሰኑ ሕመሞች በስተቀር፣ ግፊቱ በመጀመሪያው ሰዓት ከ25 በመቶ በላይ እንዳይወርድ የሚደረገውም ለዚህ ነው።

በአንጻሩ ቀስ በቀስና ያለማቋረጥ የሚደረግ ሕክምና አንጎልን ይጠቅማል። በአሜሪካ ከ9 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ በ2019 የወጣው ጥናት፣ የላይኛው ግፊታቸው ከ120 በታች እንዲሆን ክትትል የተደረገላቸው ሰዎች ከ140 በታች እንዲሆን ከተደረገላቸው ይልቅ መጠነኛ የማስታወስና የማገናዘብ ችሎታ መቀነስ ያጋጠማቸው በ19 በመቶ ባነሰ ደረጃ መሆኑን አሳይቷል። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የሚስማማውን መጠን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2021 ባወጣው መረጃ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆኑት ጎልማሶች መካከል 1 ነጥብ 28 ቢሊዮን የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም 46 በመቶ ያህሉ ይህንኑ እንደማያውቁ አመልክቷል። ከፍተኛ የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ስለማይሰማበት ሊታወቅ የሚችለው በመለካት ብቻ ነው። መድኃኒት የጀመረ ሰውም ደህንነት ስለተሰማው ብቻ ማቋረጥ አይኖርበትም። የፊት አንድ ወገን መውደቅ፣ የአንድ እጅ ወይም እግር በድንገት መዛልና የአንደበት መያዝ የታየበት ሰው፣ ድካም ነው ተብሎ ሳይጠበቅ፣ ምልክቱ የጀመረበት ሰዓት ተይዞ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መወሰድ ይኖርበታል።