በሀዋሳና በአካባቢዋ በብስክሌት ለሚጓዙና በድንኳን ለሚያድሩ የተዘጋጀ መረጃ

ሀዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሀዋሳ ሐይቅ ዳርቻ የተቆረቆረች የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ ናት። መሬቷ ሜዳማ በመሆኑ ለብስክሌት ምቹ ነው። ታቦርና አላሙራ ተራሮችም ከሐይቁ ጋር ተዳምረው ለአንድ ቀን ሽርሽርም ሆነ አዳር ላለው ጉዞ ተመራጭ ያደርጓታል። በዚህ ጉዞ ከሁሉ ቀድሞ መወሰን ያለበት ጉዳይ የማደሪያ ቦታ ነው።

1. ተስማሚ ወቅት

ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ወራት ዝናብ የሚቀንስባቸው በመሆኑ ለጉዞ ይመረጣሉ። በበልግና በክረምት ግን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለሚበዛ፣ ጥርጊያ መንገዶች ይጨቀያሉ። ፀሐይ እንደየወቅቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ከ45 ባለው ጊዜ ስለምትጠልቅ፣ ከ11 ሰዓት በፊት ማደሪያ መድረስ ይገባል።

በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓላት፣ እንዲሁም በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ በተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ በፊቼ ጫምባላላ ወቅት፣ ከተማዋን ብዙ እንግዳ ይጎበኛታል። በእነዚህ ቀናት ለሚደረግ ጉዞ ማደሪያ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።

2. የጉዞ መስመሮች

- የከተማ ዙሪያ፦ ፍቅር ሐይቅን፣ ጉዱማሌንና አሞራ ገደልን ያካትታል። በአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎችን፣ አባ ኮዳና ጉሬዛን ማየት ይቻላል። ለጀማሪና ለቤተሰብ ይስማማል።
- ታቦርና አላሙራ፦ አቀበቱ አጭር ቢሆንም ቀጥ ያለ ነው። ብስክሌትን ከግርጌ ለጠባቂ ሰጥቶ በእግር መውጣት ይመከራል።
- ወንዶ ገነት፦ በጥቁር ውኃ በኩል ወጥቶ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ሻሸመኔ፣ ከዚያም ወደ ፍል ውኃውና ወደ ደኑ የሚወስድ ነው። እስከ ሻሸመኔ ያለው አስፋልት አዲስ አበባን ከሞያሌ የሚያገናኘው ዋና መንገድ አካል በመሆኑ ከባድ ተሽከርካሪዎች ይበዙበታል፤ ዳር ይዞ በተርታ መጓዝ የግድ ነው።
- ባሌ ተራሮች፦ ከሻሸመኔ በስተምሥራቅ በዶዶላ በኩል ብዙ ቀን የሚወስድ፣ ለልምድ ያላቸው ተጓዦች የሚሆን መስመር ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ይገኛል፤ የመግቢያ፣ የአስጎብኚና የድንኳን ቦታ ጉዳይ እዚያ ይጠየቃል። የሰነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ በመሆኑ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሰውነት ከፍታውን እስኪለምድ ድረስ አወጣጡን በየቀኑ መከፋፈል ይገባል።

3. ድንኳን ሲተክሉ

በሐይቁ ዳርቻ በግላጭ ሜዳ ድንኳን አይትከሉ። ጉማሬ ቀኑን በውኃ ውስጥ ይውልና ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ወደ የብስ ይወጣል፤ ጎህ ሳይቀድም በመጣበት ዱካ ይመለሳል። ቀን ጸጥ ብሎ የሚታየው ለምለም መስክ ሌሊት የእርሱ መሰማሪያ ሊሆን ይችላል። ጉማሬ ከውኃው የሚለየው ነገር ሲያጋጥመው ያጠቃል። በመሆኑም በእንስሳውና በሐይቁ መካከል ፈጽሞ አይቁሙ፣ በምሽትም በዳርቻው አይንቀሳቀሱ።

አስተማማኙ አማራጭ የታጠረና ጥበቃ ያለው የሎጅ ወይም የሆቴል ግቢ ነው፤ ድንኳን መትከል ይፈቀድ እንደሆነ በስልክ አስቀድመው ይጠይቁ። በገጠር የሚያድሩ ከሆነ በቅድሚያ የቦታውን ባለቤት ያስፈቅዱ፣ ለቀበሌው አስተዳደርም ያሳውቁ። ምግብ በድንኳን ውስጥ አያስቀምጡ፤ ጦጣና ጅብ ይስባል። እሳት ከደን አርቀው ያንድዱ፤ ሲለቁም በውኃ አጥፍተው ቆሻሻዎን ይዘው ይመለሱ።

4. ጤና

ሀዋሳ የወባ በሽታ በሚከሰትበት ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አጎበር ይያዙ። ከጉዞው በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከተሰማዎ ሳይዘገዩ ይመርመሩ። በሐይቁ ውኃ የቢልሃርዚያ ተሕዋስ ስለሚገኝ አይዋኙበት፣ በባዶ እግርም አይግቡበት።

5. የብስክሌት ዝግጅት

ከመነሳትዎ በፊት ፍሬን፣ ካቴናና ጎማ ያስፈትሹ። የራስ ቁር፣ መብራት፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ መለዋወጫ ካለማዳሪያ፣ መንፊያና ልጣፍ ይያዙ። በከተሞች ጎሚስታ ማግኘት ቢቻልም፣ ለብስክሌትዎ የሚሆን መለዋወጫ ግን ላይገኝ ይችላል።

6. ከመነሳትዎ በፊት ያረጋግጡ

1. መታወቂያ ወይም ፓስፖርት መያዝዎን፤
2. የመንገዱን ወቅታዊ የጸጥታ ሁኔታ ከአካባቢው ፖሊስ መጠየቅዎን፤
3. የማደሪያዎን ስምና የሚደርሱበትን ሰዓት ለቤተሰብ መንገርዎን፤
4. ስልክዎ ባትሪ መሙላቱንና የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 መመዝገብዎን።

ማደሪያዎ ካልተረጋገጠ ጉዞዎን ያሳጥሩ፤ በብርሃን ወደ ከተማ መመለስ ሁልጊዜም የተሻለ ውሳኔ ነው።