የጠረበውን እናውቃለን፣ የጠገነውንስ?

ለገና ላሊበላ ሄደን ያረፍንበት ቤት ግድግዳ ላይ አንድ አኩስቲክ ጊታር ተሰቅሎ አገኘን። ከመካከላችን "እችላለሁ" ባዩ ብድግ ብሎ አወረደው። ጣቱን አንገቱ ላይ ሲያንሸራትት ግን "አይ!" አለ። የፍሬቶቹ ጫፍ እንደ ምላጭ ወጥቷል፤ ፍሬትቦርዱ ላይ ደግሞ የስንት እንግዳ ላብና ቅባት ጠቁሮ ተጋግሯል።

ነገሩ ቀላል ነው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የበጋው አየር ደረቅ ነው። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ የፍሬቱ ብረት ግን ባለበት ይቀራል፤ ስለዚህ ከእንጨቱ ዳር ብቅ ይላል። የወጣውን ጫፍ ባለሙያ ይሞርደዋል። ቆሻሻውን ግን ማንም ይችለዋል፦ ክሩን ፈትቶ በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ መጥረግ፣ ወዲያው ማድረቅ፤ እንጨቱ ቫርኒሽ ያልተቀባ ሮዝውድ ወይም ኢቦኒ ከሆነ ጥቂት ጠብታ የፍሬትቦርድ ዘይት አሽቶ ትርፉን መወልወል። የወጥ ቤት ዘይት አይሆንም፤ ከርሞ ይበላሻል።

እኛ ጨርቅ ይዘን ስንፈትግ አንድ ማሲንቆ የያዙ አዛውንት አዩንና ሳቁ። "የእኔው ይሄ ሁሉ ጣጣ የለበትም ልጆቼ!" አሉን።

ግማሽ እውነት አላቸው። ማሲንቆ ፍሬትም ፍሬትቦርድም የለውም፤ ጣት ክሩን ይነካዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም። ጣጣው ግን ሌላ ነው። ክሩም የደጋኑም ፀጉር የፈረስ ጭራ ስለሆነ ሲበጣጠስ ይተካል። ሙጫ ካልተቀባ ድምፅ አይሰጥም። ክረምት ገብቶ እርጥበት ሲበዛ ቆዳው ይላላል፤ ያኔ ፀሐይ ወይም እሳት ዳር ይሞቃል። በመጨረሻ ቆዳው ራሱ ይለወጣል። ማሲንቆ እንግዲህ ዕድሜውን ሁሉ እየታደሰ የሚኖር ዕቃ ነው።

ታዲያ የዚህ እድሳት ታሪክ የት ተጻፈ? እስኪ እናስታውስ። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ላሊበላን አይቶ ስለ ቤተ ክርስቲያናቱ ጻፈ፤ የሚያምነኝ የለም ብሎ እስኪሰጋ ድረስ። ትምህርት ቤት የንጉሡን ስምና 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት አጥንተናል። ዘመናዊው ሙዚቃም ቢሆን "ሮሃ ባንድ" ስሙን የወሰደው ከዚችው ከተማ የጥንት ስም ነው፤ ጊታሪስቱን ሰላም ሥዩምንም እናውቀዋለን። የጠረበውን እናውቃለን፣ የተጫወተውን እናውቃለን። ቆዳ የወጠረውን፣ ጭራ የቀየረውን ግን ማን ጠየቀ?

ባንጠይቅ እንኳ ደግ ነበር፤ ሰደብነው እንጂ። ቆዳውን ያለፋውን "ፋቂ"፣ ብረት የሠራውን "ጠይብ"፣ የተጫወተውን ደግሞ "አዝማሪ" አልነው፤ ሁሉም የሙያ ስም ሆነው ሳለ ስድብ አደረግናቸው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ "አዝማሪ" የሚለውን ቃል ግን ዛሬም ለስድብ የሚመዝ ሰው አናጣም።

ድንጋይስ ቢሆን ያለ ጠባቂ ይኖራል? ዝናቡ ስለጎዳቸው አይደል እ.ኤ.አ. በ2008 ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ለተወሰኑት ትልልቅ መጠለያ የተሠራላቸው! አንድ ነገር ስምንት መቶ ዓመት የሚቆየው አንድ ጊዜ ስለተሠራ ብቻ አይደለም፤ በየዘመኑ የሚጠርገውና የሚጠግነው ስላለ ጭምር ነው። ታሪካችን ግን መጀመሪያ የሠራውን መዝግቦ መጽሐፉን ይዘጋል።

ጊታሩን በቻልነው መጠን አጽድተን፣ ክሩን መልሰን ሰቀልነው። የሚቀጥለው እንግዳ ማን እንዳጸዳው አይጠይቅም። እኛም እስከዚያች ቀን ድረስ ጠይቀን አናውቅም ነበር።